የጊዜ ድርሻ ቤትና የኦርላንዶ ጉዞ፤ ወጪው እንዴት ሊመዘን ይገባል?

በአሜሪካ አገር የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ወደ ፍሎሪዳ ግዛት፥ ወደ ኦርላንዶ አካባቢ ይጓዛሉ። የሚጓዙትም ቴም ፓርክ የሚባሉትን ስፍራዎች ለማየት ነው። ቴም ፓርክ ማለት በአንድ ታሪክ ወይም በአንድ ሐሳብ ዙሪያ የተሠሩ መጫወቻዎችና ትርኢቶች በአንድ አጥር ውስጥ ተሰብስበው የሚገኙበት፥ በመግቢያ ዋጋ የሚገባበት ሰፊ የመዝናኛ ስፍራ ነው። እነዚህ ቤተሰቦች በዚያ ሳሉ አንድ ምክር በተደጋጋሚ ይቀርብላቸዋል፤ ይኸውም በየጊዜው ለሆቴል የሚከፍሉት ገንዘብ እንደ ወጣ ይቀራልና ከዚህ ይልቅ የማረፊያ ድርሻ ገዝተው በራሳቸው ቤት ቢያርፉ ይሻላቸዋል የሚል ነው። ድርሻው ታይምሼር ይባላል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ «የጊዜ ድርሻ» ብለን እንጠራዋለን።

ነገሩ ከቀላል የንግድ ጉዳይ የሚቆጠር አይደለም። ድርሻውን የሚገዛው ቤተሰብ ከጥቂት ሰዓት ንግግር በኋላ ከአንድ መኪና ዋጋ ጋር የሚተካከል ገንዘብ ያወጣል፤ ከዚህም በላይ ለ30፥ ለ40 ወይም ለ50 ዓመት በየዓመቱ መዋጮ ለመክፈል ይፈርማል። ከፈራሚዎቹ መካከል በዋሽንግተን አካባቢና በሌሎችም ከተሞች የሚኖሩ የአገራችን ልጆች ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ የጊዜ ድርሻ ምን እንደ ሆነ፥ ወጪው ከምን ከምን እንደሚሰበሰብና በምን ሚዛን ሊመዘን እንደሚገባው ለመግለጽ አስበናል። ለምሳሌ የመረጥነው በዓለም ከታወቁት አንዱ የሆነውን የዲዝኒ ቫኬሽን ክለብን ነው።

፩ የጊዜ ድርሻ ትርጕምና አመጣጥ

የጊዜ ድርሻ አሳብ የተወለደው በአውሮፓ ነው። በስዊስ አገር ሀፒማግ የተባለው ማኅበር በ1963 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ አባሎቹ በጋራ በሚያወጡት ገንዘብ የዕረፍት ቤቶችን እየገዛ በየተራ እንዲያርፉባቸው ማድረግ ጀመረ። በዚያው በ1960ዎቹ ዓመታት በፈረንሳይ የአልፕስ ተራሮች ላይ፥ ሱፐርዴቮሉዊ በምትባል የበረዶ መንሸራተቻ ስፍራ፥ አንድ ክፍል በሳምንት በሳምንት ተከፋፍሎ ለብዙ ሰዎች ይሸጥ ጀመር። ምክንያቱም ቀላል ነው። በዓመት ውስጥ አንድ ሳምንት ብቻ የሚያርፍበት ሰው ቤቱን በሙሉ መግዛት አያስፈልገውም፤ ሻጩም አንዱን ክፍል 50 ጊዜ ያህል ለመሸጥ ይችላል። አሳቡ ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ በ1974 እ.ኤ.አ. አር.ሲ.አይ. የሚባለው የልውውጥ ድርጅት ተመሠረተ፤ ባለድርሻዎችም በአንዱ ስፍራ ያላቸውን ሳምንት በሌላው ስፍራ እንዲለውጡ መንገድ ተከፈተ።

እንግዲህ ገዢው የሚገዛው ነገር ምንድር ነው? በአንዳንዱ ውል ገዢው በቤቱ ላይ የተወሰነ የባለቤትነት ድርሻ ያገኛል፤ በሌላው ውል የመገልገል መብት ብቻ ያገኛል። ነገሩን ለመረዳት በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ «የአላባ ጥቅም» ብሎ የሚጠራውን መብት ማሰብ ይጠቅማል። የአላባ ባለመብት በሌላ ሰው ሀብት ይገለገላል፤ ፍሬውንም ይወስዳል፤ ሀብቱ ግን የባለቤቱ ነው፤ ጊዜው ሲያልቅም ይመለሳል። የአሜሪካው የጊዜ ድርሻ በሕግ ከዚህ ጋር አንድ ባይሆንም በኑሮ ረገድ ብዙውን ጊዜ ይመስለዋል። ስለዚህ «ቤት ገዛሁ» የሚለው አነጋገር ገዢውን እንዳያሳስተው ያስፈልጋል። የመኖሪያ ቤት ዕድሜው ሲረዝም ዋጋው ሊጨምር ይችላል፤ የጊዜ ድርሻ ግን ወደ ማለቂያው ቀን በቀረበ መጠን የሚቀረው አገልግሎት እያነሰ ይሄዳል።

፪ የኦርላንዶው አሠራር

ዋልት ዲዝኒ የመጀመሪያውን ቴም ፓርክ በካሊፎርኒያ፥ በአናሃይም ከተማ በ1955 እ.ኤ.አ. ከፈተ። እርሱ ከሞተ በኋላ ኩባንያው በኦርላንዶ አጠገብ ዋልት ዲዝኒ ወርልድን በጥቅምት 1 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. ከፈተ። በዚያ አሁን አራት ቴም ፓርኮች አሉ፤ እነርሱም በ1971 የተከፈተው ማጂክ ኪንግደም፥ በ1982 የተከፈተው ኤፕኮት፥ በ1989 የተከፈተውና ዛሬ ሆሊውድ ስቱዲዮስ የሚባለው፥ እንዲሁም በ1998 የተከፈተው አኒማል ኪንግደም ናቸው። በአራቱ ውስጥ ለመዘዋወር ብዙ ቀን ስለሚያስፈልግ ጎብኚው ማደሩ ግድ ነው። የማደሪያው ንግድ ከመጫወቻው ጋር አብሮ ያደገው በዚህ ምክንያት ነው።

የዲዝኒ ቫኬሽን ክለብ በ1991 እ.ኤ.አ. ዛሬ ኦልድ ኪ ዌስት በሚባለው ስፍራ ሥራውን ጀመረ። ክለቡ የተወሰነ ሳምንት በመሸጥ ፈንታ ነጥብ ይሸጣል። ገዢው ለምሳሌ 150 ነጥብ ቢገዛ ውሉ እስኪያልቅ ድረስ በየዓመቱ 150 ነጥብ ይሰጠዋል፤ በዚያም ነጥብ ክፍል ይይዛል። ትንሽ ክፍል ጥቂት ነጥብ ሲጠይቅ ትልቅ ክፍል ብዙ ይጠይቃል፤ ሰው በሚበዛበት በበዓል ሰሞንም ነጥቡ ከፍ ይላል። እያንዳንዱ ገዢ «የቤት ስፍራ» የሚባል አንድ ማረፊያ አለው፤ በዚያ ማረፊያ ከ11 ወር በፊት ክፍል ለመያዝ ሲችል በሌሎቹ ግን የሚፈቀድለት ከ7 ወር በፊት ነው። ያልተሠራበትን ነጥብ በተወሰነው ቀን አስቀድሞ ካሳወቀ ወደሚመጣው ዓመት ሊያሻግር፥ ከሚመጣው ዓመትም ሊበደር ይችላል። ቀኑ ካለፈና ካልተሠራበት ግን ነጥቡ ይጠፋል።

ውሉ የሚያልቅበት ቀን የተወሰነ ነው። ከቀደሙት ስፍራዎች ብዙዎቹ በ2042 እ.ኤ.አ. ያልቃሉ፤ በ2019 የተከፈተው ሪቪዬራ ግን እስከ 2070 ይቆያል። ቀኑ ሲደርስ መብቱ ወደ ኩባንያው ይመለሳል፤ ገዢው የሚረከበው ነገር የለም።

ይህ አሠራር ለገዢው አንድ እውነተኛ ጥቅም አለው። የአንድ ማረፊያ የዓመቱ ነጥብ ድምር በሽያጩ ጊዜ ተወስኖ ስለሚቀመጥ ኩባንያው ከአንዱ ወራት ወደ ሌላው ሊያዛውረው ቢችልም ድምሩን እንዲያው ሊያሳድገው አይችልም። ስለዚህ የሆቴሉ ኪራይ በዶላር ሲወደድ የክፍሉ ዋጋ በነጥብ ረገድ በአማካይ በዚያው መጠን ይቆያል። ሻጮች «የነገውን ዕረፍት በዛሬ ዋጋ መግዛት ነው» የሚሉት ይህን ነው። ነገር ግን የዓመቱ መዋጮ በዛሬ ዋጋ የማይቆይ ስለ ሆነ አነጋገሩ የነገሩን ግማሽ ብቻ ይገልጻል።

፫ ወጪዎቹ ከምን ይሰበሰባሉ?

የባለድርሻውን ወጪ በአራት ክፍል ከፍለን እንመለከታለን።

አንደኛው የግዢው ዋጋ ነው። በቅርብ ዓመታት ኩባንያው ራሱ የሚሸጠው አዲስ ነጥብ በአብዛኛው ከ200 ዶላር በላይ ሆኗል። በዚህ መሠረት 150 ነጥብ ከ30,000 ዶላር በላይ ይጠይቃል ማለት ነው።

ሁለተኛው የዓመት መዋጮ ነው። ይህ መዋጮ ለጽዳት፥ ለጥገና፥ ለሠራተኞች ደመወዝ፥ ለመድን፥ ለንብረት ግብርና ለወደፊት እድሳት መጠባበቂያ የሚውል ነው። በኦርላንዶ ባሉት ማረፊያዎች በ2024 እና በ2025 እ.ኤ.አ. በአንድ ነጥብ ከ7 እስከ 10 ዶላር አካባቢ ይደርስ ነበር። ደመወዝ፥ መድንና ግብር ሲጨምሩ መዋጮውም ይጨምራል። ባለድርሻው በዚያ ዓመት ሄደም አልሄደም መክፈል አለበት። ካልከፈለ ድርሻው በመያዣነት ተይዞ በሕግ ሊወሰድበት ይችላል።

ሦስተኛው የብድር ወለድ ነው። ብዙ ገዢዎች ሙሉውን ገንዘብ በእጃቸው ስለማይዙ ከሻጩ ይበደራሉ፤ ለጊዜ ድርሻ የሚሰጠው ብድር ደግሞ ለመኖሪያ ቤት ከሚሰጠው ይልቅ ወለዱ ይከብዳል።

አራተኛው በውሉ ውስጥ የማይገባው የጉዞ ወጪ ነው። የድርሻው ባለቤት መሆን የመግቢያ ቲኬት አያስገኝም። በ1971 እ.ኤ.አ. ማጂክ ኪንግደም ሲከፈት የአንድ ዐዋቂ ሰው መግቢያ 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሲሆን የመጫወቻው ዋጋ ለብቻው ይከፈል ነበር፤ በታኅሣሥ 2022 ግን በዚሁ ፓርክ ሰው በሚበዛባቸው ቀኖች የአንድ ቀን መግቢያ እስከ 189 ዶላር ደርሶ ነበር። አራት ሰዎች ያሉበት ቤተሰብ በአንድ ሳምንት ለቲኬት፥ ለመጓጓዣና ለምግብ የሚያወጣው ገንዘብ ከማደሪያው ወጪ ሊበልጥ ይችላል። ይህ ወጪ በሆቴል ላደረም፥ በድርሻው ላደረም አንድ ስለ ሆነ በማወዳደሪያው ስሌት ውስጥ አናገባውም። ነገር ግን ባለድርሻው «መዋጮውን ከፍያለሁና ካልሄድሁ ይባክናል» እያለ በየዓመቱ የሚሄድ ከሆነ ድርሻው ይህንንም ወጪ አብሮ እየጎተተ ያስወጣዋል።

፬ በምሳሌ የተደረገ ስሌት

አሁን ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለማስረጃ ያህል የተመረጡ ናቸው፤ አንባቢም በቀረበለት ውል ውስጥ ያለውን ቁጥር በቦታው አግብቶ ሊያሰላ ይችላል።

አንድ ቤተሰብ ከኩባንያው 150 ነጥብ፥ አንዱን በ210 ዶላር ሒሳብ ገዛ እንበል። ዋጋው 31,500 ዶላር ይሆናል። ውሉ ለ45 ዓመት ነው። መዋጮው በአንድ ነጥብ 9 ዶላር፥ በዓመት 1,350 ዶላር ሆኖ በየዓመቱ 4 በመቶ ይጨምራል። በ150 ነጥብ በዓመት 7 ሌሊት በአንድ አነስተኛ ክፍል ለማደር ይቻላል።

ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ስሌት እንደሚከተለው ነው። 31,500 ለ45 ሲካፈል በዓመት 700 ዶላር ይሆናል፤ በ1,350 ዶላር መዋጮ ላይ ሲደመር 2,050 ዶላር ይመጣል፤ ይህም ለ7 ሌሊት ሲካፈል ለአንድ ሌሊት 293 ዶላር ያህል ነው። ይህ ስሌት ሁለት ጉድለት አለበት። መጀመሪያ የመዋጮውን ማደግ አያሳይም። ሁለተኛም ዛሬ የሚከፈለውን ገንዘብና ከ40 ዓመት በኋላ የሚገኘውን አገልግሎት በእኩል ይቈጥራል።

መዋጮው በ4 በመቶ እያደገ ቢሄድ በ18 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በ45ቱ ዓመት የሚከፈለው መዋጮ ቢደመር ከ163,000 ዶላር ይበልጣል፤ ይህም ከግዢው ዋጋ አምስት እጥፍ በላይ ነው። ከዚህ የምንረዳው ገዢዎች ብዙ የሚከራከሩበት የግዢ ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ክፍል እንደ ሆነ ነው።

የኋለኛውን ጉድለት ለማረም የሒሳብ ሰዎች «የዛሬ ዋጋ» በሚሉት መንገድ እናስላ። ዛሬ 100 ዶላር ያለው ሰው በ5 በመቶ ወለድ ቢያስቀምጠው ከዓመት በኋላ 105 ዶላር ይሆንለታል፤ ስለዚህ ከዓመት በኋላ የሚከፈል 105 ዶላር የዛሬ ዋጋው 100 ዶላር ነው። በዚህ መንገድ ሲሰላ የ45ቱ ዓመት መዋጮ የዛሬ ዋጋ 47,000 ዶላር ያህል ነው፤ በግዢው ላይ ሲደመር 78,700 ዶላር ገደማ ይሆናል። የሆቴል ኪራይም እንዲሁ በየዓመቱ 4 በመቶ የሚወደድ ቢሆን፥ ድርሻው ከሆቴል ጋር የሚተካከለው የመጀመሪያው ዓመት የሆቴል ዋጋ ግብሩን ጨምሮ ለአንድ ሌሊት 321 ዶላር ሲሆን ነው። ይህን ቁጥር «የመተካከያ ዋጋ» እንበለው። ቤተሰቡ በሆቴል ቢያድር ከዚህ በላይ የሚከፍል ከሆነ ድርሻው ይጠቅመዋል፤ ከዚህ በታች የሚከፍል ከሆነ ይጎዳዋል።

በዚያው ማረፊያ ያለ ተመሳሳይ ክፍል ከኩባንያው በቀጥታ ሲከራዩት ኪራዩ አብዛኛውን ጊዜ ከ400 ዶላር ስለሚበልጥ ድርሻው በዚህ ሚዛን ያዋጣል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ይህ ቁጥር በአንድ ትልቅ ግምት ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም ቤተሰቡ 45 ዓመት ሙሉ አንድም ዓመት ሳያቋርጥ ይሄዳል የሚል ነው። ግምቱን ስንለውጥ የሚሆነውን እንመልከት።

ቤተሰቡ ከሦስት ዓመት በሁለቱ ብቻ ሄዶ የቀረው ነጥብ ቢጠፋበት የመተካከያው ዋጋ 482 ዶላር ይሆናል። ከሁለት ዓመት በአንዱ ብቻ ቢሄድ 643 ዶላር ይደርሳል። 10 ዓመት ሄዶ ልጆቹ ሲያድጉ ድርሻውን በ15,000 ዶላር ቢሸጠው 542 ዶላር ይሆናል። ከ10 ዓመት በኋላ ገዢ አጥቶ ያለ ዋጋ ቢተወው ደግሞ 686 ዶላር ይሆናል።

እዚህ ላይ ነጥብ ማሻገር ይቻላል ተብሎ ተገልጾ ነበርና አንባቢ «ያልተሠራበት ለምን ይጠፋል?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ በየሁለት ዓመቱ እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚያውቅ ቤተሰብ 75 ነጥብ ገዝቶ እያሻገረ ቢሠራበት ወጪው በግማሽ ይቀንሳል። በየዓመቱ እሄዳለሁ ብሎ 150 የገዛው ግን በሁለተኛው ዓመት 300 ነጥብ ይሰበሰብለታል፤ በዚህም ሰፋ ያለ ክፍል ይይዛል ወይም ብዙ ሌሊት ያድራል። ይህ ደስታን ይጨምር ይሆናል እንጂ ያወጣውን ገንዘብ አይመልስለትም።

በብድር የሚገዛው ቤተሰብ ነገር ከዚህም ይከፋል። ከ31,500 ዶላር ውስጥ አንድ ዐሥረኛውን ከፍሎ 28,350 ዶላር በ12 በመቶ ወለድ ለ10 ዓመት ቢበደር በየወሩ 407 ዶላር ያህል ይከፍላል። ዕዳው ሲያልቅ ወለዱ ብቻ 20,400 ዶላር ያልፋል፤ ጠቅላላው የግዢ ወጪም ወደ 52,000 ዶላር ይደርሳል። በእነዚያ ዓመታት መዋጮውም በላዩ ይከፈላል። ለዕረፍት ተብሎ በዚህ ዓይነት ወለድ መበደር ከሻጩና ከአበዳሪው በቀር ማንን እንደሚጠቅም ለማየት አልቻልንም።

፭ ከባለድርሻ መግዛትና ነጥብ መከራየት

ከኩባንያው ከመግዛት ሌላ ሁለት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ድርሻውን ሊለቅ ከሚፈልግ ሰው ላይ መግዛት ነው። በዚህ ገበያ ዋጋው ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ለምሳሌ 150 ነጥብ በ18,000 ዶላር፥ 30 ዓመት የቀረው ውል ቢገዛና መዋጮው ከላይ እንዳልነው ቢሆን የመተካከያው ዋጋ 296 ዶላር ይሆናል። ከ10 ዓመት በኋላ በ12,000 ዶላር ቢሸጥ እንኳ ከ359 ዶላር አይበልጥም፤ ከኩባንያው የገዛው ግን በዚህ ሁኔታ 542 ዶላር ደርሶበት ነበር። ልዩነቱ የሚመጣው ከፍተኛውን የዋጋ መውረድ የመጀመሪያው ገዢ አስቀድሞ ስለ ተሸከመው ነው።

ይሁን እንጂ ገደብ አለው። ኩባንያው ሽያጩን በዚያው ዋጋ አስቀድሞ ለራሱ የመውሰድ መብት አለው። ከዚህም ሌላ ከጥር 19 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከባለድርሻ የሚገዛ ሰው በፊተኞቹ 14 ማረፊያዎች ያለውን ነጥብ በሪቪዬራና ከእርሱ በኋላ በተከፈቱት ሊሠራበት አይችልም፤ የሪቪዬራን ነጥብ ከባለድርሻ የገዛም በሪቪዬራ ብቻ ይወሰናል። ስለዚህ ዛሬ ከኩባንያው የሚገዛ ሰው ነገ ሲሸጥ ለገዢው የሚያስተላልፈው እርሱ ከገዛው ያነሰ መብት መሆኑን ማወቅ አለበት።

ከሌሎች የጊዜ ድርሻዎች ጋር ሲነጻጸር የዲዝኒው ዋጋውን በመጠበቅ የተሻለ ነው። ከሌሎቹ መካከል ብዙዎቹ ገበያ ላይ ሲወጡ እጅግ በጥቂት ዋጋ ይሸጣሉ፤ መዋጮውን ለመሸሽ ሲባል በነጻ የሚሰጡም አሉ። ይህን ጭንቀት አይተው «ከውሉ እናወጣችኋለን» እያሉ ገንዘብ አስቀድመው ተቀብለው የሚሰወሩ አታላዮች እንዳሉ የአሜሪካ መንግሥት የንግድ ኮሚሽን ያስጠነቅቃል።

ሌላው መንገድ ነጥብን ከባለድርሻ መከራየት ነው። አንድ ባለድርሻ በዚያ ዓመት የማይሄድ ሲሆን ነጥቡን ለሌላ ሰው ሊያከራይ ይችላል። አንዱ ነጥብ በ20 ዶላር ቢከራይ 150ው 3,000 ዶላር፥ ለአንድ ሌሊት 429 ዶላር ያህል ይሆናል። ይህ 45 ዓመት ሳያቋርጥ ለሚሄደው ሰው ከመግዛት የከበደ ነው። ከሦስት ዓመት በሁለቱ ለሚሄደው፥ ወይም ከ10 ዓመት በኋላ ለሚያቆመው ግን አዲስ ድርሻ ከመግዛት ይቀልለዋል። ተከራዩ ደግሞ የነገ መዋጮ የለበትም። በአንጻሩ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ጉዞው ቢቀርም ገንዘቡን ለማስመለስ ይቸገራል።

በአገራችን በቅሎ የገዛ ሰው ተቀመጠባትም አልተቀመጠባትም ገብስ ያበላታል፤ የተከራየ ግን ሲወርድ ልጓሙን መልሶ ይሄዳል። ዘወትር መንገደኛ ለሆነ መግዛቱ ያዋጣዋል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለሚነሣ ግን ገብሱ ከመንገዱ ይበልጥበታል።

፮ ከቁጥር ውጭ የሆኑ ነገሮች

ወጪን ስንመዝን ሁለት ነገሮች በቁጥር ውስጥ አልገቡም።

የመጀመሪያው የማወዳደሪያው ሆቴል ነው። ከላይ ድርሻውን ያወዳደርነው በዚያው ቅጥር ውስጥ ካለ ውድ ክፍል ጋር ነበር። ነገር ግን ቤተሰቡ ድርሻ ባይገዛ በርግጥ በዚያ ውድ ክፍል ያድር ነበርን? በኦርላንዶ ከቅጥሩ ውጭ ለአንድ ሌሊት ከ200 ዶላር በታች የሚከራዩ ብዙ ሆቴሎች አሉ። እስከ ዛሬ 150 ዶላር እየከፈለ ያድር የነበረ ሰው ወደ 321 ዶላር ተሸጋግሮ «ከ500 ዶላሩ ክፍል አንጻር አተረፍሁ» ቢል ያተረፈው ከማያወጣው ገንዘብ ላይ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ማወዳደሪያ ሻጩ የሚጠራው ሆቴል ሳይሆን ቤተሰቡ ባለፉት ዓመታት በእውነት ያደረበት ሆቴል ነው። በሌላ በኩል ሰፊ በሆኑት የድርሻ ክፍሎች ውስጥ ሙሉ ወጥ ቤት ስላለ ምግቡን ራሱ እያበሰለ የሚቆጥብ ቤተሰብ ይህን ጥቅም ሊያስብ ይገባዋል።

ሁለተኛው የኑሮ መለዋወጥ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ በማጂክ ኪንግደም የሚያገኘውን ደስታ በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ላያገኘው ይችላል። ሥራ ይለወጣል፤ ሰው ይታመማል፤ ከዋሽንግተን ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መንገድ ዛሬ ቢቀልል ነገ ይከብዳል። ውሉ ግን የፈረመውን ሰው ዕድሜና ፍላጎት አይጠይቅም። ባለድርሻው ቢሞትና ወራሾቹ ድርሻውን ቢቀበሉ መዋጮውንም አብረው ይቀበላሉ።

በውጭ አገር ለሚኖሩት የአገራችን ልጆች ይህ ነገር ልዩ ክብደት አለው። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የግል ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ እንዲሰጡ አያስገድድም፤ ስለዚህ የብዙ ሠራተኛ የዓመት ዕረፍት ጥቂት ሳምንት ነው። ከዚያ ውስጥ አንዱ ሳምንት በውል ለኦርላንዶ ከታሰረ እናት አባትን ለማየት፥ ልጆችን ከአያቶቻቸው ጋር ለማገናኘት የሚቀረው ቀንና ገንዘብ ያን ያህል ይቀንሳል። በሆቴል የሚያድር ቤተሰብ «ዘንድሮ ወደ አገር እንሄዳለን» ብሎ ለመወሰን ነጻ ነው። ባለድርሻውም መወሰን ይችላል፤ ነገር ግን የአውሮፕላኑን ቲኬት በገዛበት ዓመት 1,350 ዶላሩን ደግሞ ለኦርላንዶ ይከፍላል። ዕቁብ የገባ ሰው እንኳ ዙሩ ሲያልቅ ለሚቀጥለው ለመግባትም፥ ለመቅረትም ይችላል፤ የዚህ ውል ዙር የሚያልቀው ግን ከ40 ዓመት በኋላ ነው።

፯ ከመፈረም በፊት

በፍሎሪዳ ሕግ የጊዜ ድርሻ የገዛ ሰው ከፈረመበት ቀን ወይም የሚገባውን ሰነድ ሁሉ ከተቀበለበት ቀን፥ ከሁለቱ ከዘገየው ጀምሮ፥ እስከ ዐሥረኛው ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ያለ ምክንያት ውሉን ለማፍረስ መብት አለው፤ ይህንም መብት ገዢው ፈርሞ ሊተወው አይችልም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው መመሪያ መሠረት የማሰቢያው ጊዜ 14 ቀን ነው። ሕግ አውጪዎቹ ይህን ቀን የወሰኑት የጊዜ ድርሻ ብዙውን ጊዜ በዕረፍት ላይ ላለ፥ ልቡ ደስ ላለው ሰው፥ «ዋጋው ለዛሬ ብቻ ነው» እየተባለ የሚሸጥ ስለ ሆነ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፥ በእነዚህ ቀኖች ውስጥ ሰነዱን ቤት ወስዶ ማንበብ ያስፈልጋል።

በዚያን ጊዜ ቤተሰቡ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባውን በአጭሩ እንዘረዝራለን።

1. ባለፉት 6 ዓመታት ወደ ኦርላንዶ ስንት ጊዜ ሄድን? ወደፊት እንሄዳለን የምንለው ከዚህ ለምን ይበልጣል?

2. ባለፉት ጉዞዎች ለአንድ ሌሊት በእውነት የከፈልነው ስንት ነው?

3. ያለፉት 10 ዓመታት መዋጮ በየዓመቱ ስንት ነበር? በምን ያህልስ አደገ?

4. ያለ ብድር ለመግዛት እንችላለን? ካልቻልን ገንዘቡ እስኪጠራቀም ነጥብ እየተከራየን ብንቆይ ምን ይጎድልብናል?

5. ከ10 ዓመት በኋላ ልንሸጠው ብንፈልግ ዛሬ ተመሳሳይ ድርሻ በገበያ በስንት ይሸጣል?

ከላይ እንደ ተመለከትነው የጊዜ ድርሻ በራሱ ማታለል ነው ለማለት አይቻልም። በየዓመቱ ሳያቋርጥ ለሚሄድ፥ ውድ ክፍል ለለመደ፥ ያለ ብድር ለሚገዛ፥ ይልቁንም ከባለድርሻ ላይ በረከሰ ዋጋ ለሚገዛ ቤተሰብ በእውነት ያተርፋል። ነገር ግን ትርፉ በሙሉ የሚመጣው ከጉዞው አለመቋረጥ ነው። አንድ ክፍል 321 ዶላር የነበረው ወደ 643 ዶላር የወጣው ዋጋው ተለውጦ ሳይሆን ቤተሰቡ በየሁለተኛው ዓመት ቤቱ ስለ ዋለ ነው። ስለዚህ ገዢው ከሻጩ ጋር ስለ ነጥቡ ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ስለ ራሱ የ20 ዓመት ኑሮ ከቤተሰቡ ጋር ሊመክር ይገባዋል። በዚህ ምክር ላይ ርግጠኛ መልስ ያላገኘ ቤተሰብ ለጊዜው ተከራይቶ ቢያድር ምንም አይጎድልበትም፤ በሚቀጥለው ዓመትም ወደ ኦርላንዶም ሆነ ወደ አገር ቤት ለመሄድ እጁ አይታሰርም።